የማን ሸክላ፣ የማን ልጅ? ከሐርላ ተነሥቶ ስለ ክልስነትና ስለ ጭቃ ጥበብ የተደረገ ዳሰሳ

ከሁለት አገር ወላጆች የተወለደን ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚከተለው ጥያቄ «የየት ነህ?» የሚለው ነው። «የሁለቱም» ቢል ጠያቂው ዝም አይልም፤ «እሱስ እሺ፣ ይበልጥ ግን የየትኛው?» ይላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተለያዩ አገሮች ያሉ ክልስ አርቲስቶች ይህን ጥያቄ በሸክላ ቅርጻ ቅርጽ መመለስ ይዘዋል። ፊታቸውን፣ ፀጉራቸውን፣ የወላጆቻቸውን የቤት ዕቃ በጭቃ ሠርተው በእሳት ይተኩሳሉ። ለምን ጭቃ መረጡ? ሸራና ፎቶግራፍ የማይነግሩን፣ ሸክላ ግን ስለ መቀላቀልና ስለ ወገንነት የሚነግረን ነገር አለ?

ጥያቄውን በአገራችን ለመመርመር ከሐርላ የተሻለ መነሻ የለም። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የቻይና ሳህንና የአገር ቤት ማሰሮ በአንድ ግቢ የተሰበሩባት ከተማ ናት። ይህ ዳሰሳ ከሐርላ ገሎች ተነሥቶ በአክሱም፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ በኩል አልፎ ዛሬ በውጭ ወደሚሠሩ ቀራፂዎች ይሄዳል። መከራከሪያው አንድ ነው፦ ሸክላ ስለ ድብልቅነት የሚመሰክረው በመልኩ ሳይሆን በአሠራሩና በአገልግሎቱ ነው። ሠሪዋን የዘነጋ ሰው ደግሞ ምስክርነቱን አይሰማም።

ሐርላ ምን አወጣች?

ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሐረር በሚወጣው መንገድ በኩል የምትገኝ የገበሬ መንደር ናት። ዛሬ የሚኖሩባት ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ማሳቸውን ሲያርሱ ዶቃ፣ ገልና የውጭ አገር ሳንቲም፣ የቻይና ሳንቲም ጭምር፣ ሲወጣላቸው ኖሯል። የአሮጌ ግንቦቿን ድንጋዮች ተራ ሰው ያነሣቸዋል ብሎ ማመን ስለሚከብድ፣ ሐርላ የሚለው ስም በአካባቢው አፈ ታሪክ የግዙፋን ሕዝብ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመሩት ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በሥፍራው ቁፋሮ አካሄደ። በ2017 ውጤቱ ለዓለም ሲነገር ብዙዎችን አስደነቀ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ተገኘ፤ አሠራሩ በደቡብ ታንዛንያና በሶማሌላንድ ከተገኙት መስጊዶች ጋር ይመሳሰላል። መቃብሮችና ጽሑፍ ያለባቸው የመቃብር ድንጋዮች፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ የመስታወት፣ የካርኔሊያንና የክሪስታል ድንጋይ ዶቃዎች፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብጽ የተመቱ የነሐስና የብር ሳንቲሞች፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎችና ዛጎሎች ወጡ። የዕድሜ ምርመራው ሰዎች በቦታው ከስድስተኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖሩበት አሳየ። ቡድኑ በ2021 ባወጣው ጽሑፍ ሐርላን ቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ጋር ያገናኘች የእስልምና መግቢያ በር አድርጎ አቅርቧታል።

ከዚህ ሁሉ የጋዜጣ ርእስ የሆነው ከሩቅ የመጣው ነው። ያስገርማልም፤ አንድ የቻይና ሳህን ከደቡብ ቻይና ወደብ ተነሥቶ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ፣ ከዘይላ ወደብ አካባቢ በግመል ተጭኖ፣ በረሃውን አልፎ ወደ ደጋው እስኪወጣ የስንት ሰው እጅ እንደነካው ማሰብ ነው። ዛሬ ስለ ሐርላ የሚናገር ሁሉ «የብዙ አገር ሰዎች ተቀላቅለው የኖሩባት ከተማ» ይላል። ይህ አባባል ግን ከዕቃው ወደ ሰው በአንድ እርምጃ ዘሏል። ዳሰሳችን እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት።

ዕቃ ይጓዛል፤ ሰውስ?

የቻይና ሳህን በሐርላ መገኘቱ ቻይናዊ በሐርላ ኖሯል ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ስንት ቤት የቻይና ስኒ አለ? ዕቃ ከገዢ ወደ ሻጭ፣ ከሻጭ ወደ ገዢ እየተላለፈ ሠሪው ያላየው አገር ይደርሳል። ገልን እንደ ሰው መታወቂያ ማንበብ የቆየ ስሕተት ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል።

የስዋሂሊ ጠረፍ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ብሪታንያዊው አርኪዮሎጂስት ኔቪል ቺቲክ በ1960ዎቹ የጠረፉን ከተሞች ኪልዋንና ማንዳን ሲቆፍሩ ብዙ የፋርስ፣ የዓረብና የቻይና ሸክላ አገኙ። ከዚህም ተነሥተው ከተሞቹን ከባሕር ማዶ የመጡ ሰፋሪዎች የመሠረቷቸው አድርገው አዩ። አፍሪካዊው ነዋሪ በገዛ ከተማው እንግዳ ሆነ። በ1980ዎቹ ማርክ ሆርተን በፓቴ ደሴት ሻንጋን ሲቆፍር ግን ተደራርበው የተሠሩ መስጊዶች ተገኙ፤ ከሥር ያለው በ8ኛው ክፍለ ዘመን በእንጨት የተሠራ ትንሽ መስጊድ ነበር። በየንብርብሩ ከመሬቱ ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚወጣው ደግሞ የአገሬው ማሰሮ ነበር። ማድ ቤቱ አፍሪካዊ፣ ገበታው የዓለም ሆኖ ታየ።

ከዚያ የዘረ መል ጥናት መጣ። በ2023 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት ከ1250 እስከ 1800 ባለው ጊዜ በጠረፉ ከተሞችና በአቅራቢያቸው የተቀበሩ 80 ሰዎችን መረመረ። ከብዙዎቹ የዘር ውርስ ከግማሽ በላይ የሆነው በአብዛኛው ከአፍሪካውያን ሴቶች፣ ቀሪው ደግሞ በአመዛኙ ከፋርስ አካባቢ ከመጡ ወንዶች የተወረሰ ሆኖ ተገኘ፤ መቀላቀሉ የጀመረውም በ1000 ገደማ ነው። የጠረፉ ሰዎች ከፋርሷ ሺራዝ መጡ ስለሚሏቸው አባቶቻቸው የሚያወሩት ተረት ባዶ አልነበረም ማለት ነው። አፍሪካዊ መሠረት አለን የሚሉትም አልተሳሳቱም። የተሳሳተው ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ያለው ሰው ነበር።

ለኛ ጉዳይ ትልቁ ነጥብ እዚህ አለ። ሰውን ከውጭ በመጣ ጌጥ ብቻ ያነበበ የእናቲቱን ወገን ሳያይ ይቀራል። ክልስ ሰው በዕለት ኑሮው የሚገጥመውም ይኸው ነው። ዓይን የሚያርፈው ለየት ባለው ላይ ነው፤ በፀጉሩ፣ በቆዳው፣ በአባቱ ስም ላይ። ቤት ውስጥ የሚበላው ሽሮ አይጠየቅም።

ድስቱን የጣደችው ማን ናት?

ሐርላ ላይ ከተገኙት ገሎች እጅግ የሚበዙት የአገር ቤት ሸክላዎች ናቸው። የቁፋሮው ቡድን አባላት እነዚህን ለብቻ አጥንተው ስለ ዘመን ቅደም ተከተል፣ ከጎረቤት አካባቢዎች ጋር ስለነበረው ግንኙነትና ስለ አመጋገብ ምስክር አድርገዋቸዋል። ለጋዜጣ ርእስ አይመቹም፤ ቀይ፣ ቡናማና ጥቁር ገሎች ናቸው። ግን ከቻይናው ሳህን ይልቅ የሚናገሩት እነሱ ናቸው፤ ምክንያቱም ሳህን ይገዛል፣ አሠራር ግን ይወረሳል።

የማሰሮ አሠራር በቀላሉ አይቀየርም። ጭቃው ከየት እንደሚቆፈር፣ ምን ያህል አሸዋ እንደሚገባበት፣ አፉ ወደ ውጭ ይታጠፍ ወይ ቀጥ ይበል፣ በድንጋይ ይለስልስ ወይ በፍሬ፣ በምን እንጨት ይተኮስ፣ ይህን ሁሉ ልጅ ከእናቷ እጅ አይታ ትማራለች። በኢትዮጵያ ሸክላ በአብዛኛው የሴት ሥራ ነው፤ ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጅ ተጠፍጥፎ ይሠራል፣ በሜዳ እሳት ይተኮሳል። ስለዚህ አንዲት ሴት ከሌላ ወገን ለመጣ ሰው ብትዳር ልብሷ ሊለወጥ፣ ሃይማኖቷ ሊለወጥ፣ ስሟም ሊለወጥ ይችላል። እጇ የተማረው የማሰሮ አፍ ግን ከሁሉም በኋላ ነው የሚለወጠው። የድብልቅ ቤተሰብ ታሪክ ከተጻፈ እዚያ ላይ ተጽፏል።

አገልግሎቱም እንዲሁ ነው። ድስት የወጥ፣ ምጣድ የእንጀራ ወይም የቂጣ፣ ጋን የጠላ፣ እንስራ የውሃ ነው። ከውጭ የመጣ ምግብና እምነት መጀመሪያ ምልክቱን የሚተወው በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ነው፤ የሚሰፋው አፍ፣ የሚጠበው አንገት፣ የሚቀረው ዕቃ። ሐርላ ላይ የአጥንት ቅሪት ጥናትም ተደርጓል፤ ከሐረርና ጋንዳ ሐርላ ከምትባል ሌላ ሥፍራ ከተገኙት ጋር ተነጻጽሮ ወደ እስልምና መግባት በከብት አያያዝና በአመጋገብ ላይ ምን እንዳስከተለ ታይቷል። በአንድ ትውልድ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሰው እስላም የሚሆነው፣ ከተሜ የሚሆነው፣ የሌላ ወገን ዘመድ የሚሆነው በገበታው ላይ ቀስ እያለ ነው።

ሐርላዎችስ የት ሄዱ? ስማቸው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጦርነቶች ጋር ይነሣል። በ16ኛው ክፍለ ዘመንም ዓረብ ፈቂህ የኢማም አሕመድን ዘመቻ ሲጽፍ ሐርላን ከሶማሌ ለይቶ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ ስሙ ለብቻው ከሚቆም ሕዝብነት ወጥቶ ሌሎች ውስጥ ገባ። ዛሬ ሐረሪዎች፣ አርጎባዎች፣ ኦሮሞዎች፣ ሶማሌዎችና አፋሮች ሐርላን በአያትነት ወይም በጎሳ ስም ያነሣሉ። አንዳንዴ ክርክሩ «የኛ ናቸው፣ የናንተ አይደሉም» እስከ መባባል ይደርሳል። የአምስቱም አያት መሆን እየቻሉ አንድ ልጅ ብቻ እንዲመርጡ መጠየቅ፣ ክልሱ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠየቀውን ጥያቄ ለሙታንም ማቅረብ ነው።

ሰው የሆነ ሸክላ

ማሰሮ ይህን ያህል ከተናገረ ሰው መስሎ የተሠራ ሸክላስ? አገራችን ሁለት ትልልቅ ምሳሌዎች አሏት።

የመጀመሪያው አክሱም ነው። በአክሱም ዘመን ከተሠሩ ዕቃዎች መካከል አንገታቸው በሴት ራስ ቅርጽ የተሠራ ማሰሮዎች ተገኝተዋል። ፊታቸው ቀለል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ጥንቃቄው ያረፈው ፀጉሩ ላይ ነው። ሹሩባው ዛሬም በትግራይ ሴቶች ላይ ከሚታየው አሠራር ጋር ስለሚመሳሰል ተመራማሪዎች ደጋግመው አንሥተውታል። የኪልዋው ቆፋሪ ቺቲክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አክሱምንም ቆፍረዋል። አክሱም የግሪክ ፊደል በሳንቲሟ ላይ የቀረጸች፣ ከሮም፣ ከሕንድና ከደቡብ ዓረቢያ ጋር የነገደች ከተማ ነበረች። ያም ሆኖ ሸክላ ሠሪዋ የሰው ራስ ስትሠራ ማንነቱን የገለጠችው በፀጉር አሠራር ነው። ፀጉር ሲሠራ የሌላ ሰው እጅ ይጠይቃል፤ የወገን ሥራ ነው።

ሁለተኛው ወለቃ ነው። ከጎንደር በስተ ሰሜን ባለችው በዚህች መንደር የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ሴቶች ከቤት ዕቃ ሌላ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ይሠሩ ነበር፦ እናትና ልጅ፣ ካህን፣ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት ዕቃ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ። ስቲቨን ካፕላንና ሃይም ሮዘን በ1996 ባወጡት ጽሑፍ ምስሎቹን ከውጭ ጎብኚዎች መምጣት ጋር አያይዘዋቸዋል። ገዢው ፈረንጅ የሚፈልገውን ሠሪዋ ታውቃለች፤ ስለዚህ ምስሉ የራሷ መልክ ብቻ ሳይሆን በሌላው ዓይን ውስጥ ያየችው መልኳም ነው። ይህ ዋጋውን አይቀንሰውም። ክልስነትን በሸክላ የሚሠራ የዛሬ አርቲስትም ከዚህ ፈተና አያመልጥም፤ ጋለሪው፣ ገዢው፣ አስተያየት ሰጪው ሁሉ «ሁለትነትህን አሳየን» ይሉታል።

ሰሎሞንና ሳባ በአንድ አልጋ የተሠሩበት ምስል ደግሞ ከቀልድ በላይ ነው። በክብረ ነገሥት ትረካ የመንግሥታችን መሥራች ቀዳማዊ ምኒልክ ከእስራኤላዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ነው። አባቱን ፍለጋ ሲሄድ መልኩ ከሰሎሞን ጋር አንድ በመሆኑ በመንገድ ያዩት ሰዎች ግራ ይጋባሉ። አባቱ በኢየሩሳሌም ሊያስቀረው ይፈልጋል፤ ልጁ ግን ወደ እናቱ አገር ይመለሳል። በዛሬ ቋንቋ ክልስ ነው፤ ወገኑን የለየውም በመልኩ ሳይሆን በሄደበት ነው። አገራችን ለዘመናት ራሷን በዚህ ልጅ ስትተርክ፣ ታሪኩን በጭቃ የሠሩት ሴቶች ግን ከወገን ውጭ ተደርገው ኖሩ።

የሠሪዋ ቦታ

ወለቃን የሠሪዎቹን ጉዳይ ሳያነሣ የሚያልፍ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው። በብዙ የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ «ጠይብ» ተብሎ ተለይቷል፤ «ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ተብሏል። የሠራችው ምጣድ ቤት ይገባል፤ እሷ ግን ከደጅ ትመለሳለች። በእጇ በተሠራ ዕቃ ይበላል፤ ከእሷ ጋር ግን አይበላም፣ አይጋባምም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠሪን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። ዛሬ በአዲስ አበባ ቀጨኔ የሚሠሩ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ከዚህ ታሪክ የወጡ ናቸው። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሲሆን ከቤተ እስራኤል ጋር የሚያገናኝ የዘር ትዝታ አላቸው፤ በአደባባይ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይናገሩት ኖረዋል።

የወለቃ ሴቶችም ወገን ፍለጋ አገር ለቀቁ። እስራኤል በ1975 ቤተ እስራኤልን በመመለሻ ሕጓ ተቀበለች፤ ከ1984 ጀምሮ በዘመቻ ሙሴ ብዙ ሰው፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ተጓጓዘ። እዚያ ሲደርሱ ግን ሌላ ጥያቄ ጠበቃቸው። በጥር 1996 የእስራኤል የደም ባንክ ከኢትዮጵያውያን የተለገሰውን ደም በስውር ሲጥል እንደኖረ ተጋልጦ ብዙ ሺህ ሰው አደባባይ ወጣ። እዚህ «ፈላሻ» ተብለው፣ እዚያ «ጥቁር» ተብለው የተለዩ ሰዎች ናቸው። ወለቃ ላይ ዛሬም ምስል ይሸጣል፤ አብዛኛውን የሚሠሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። የዳዊት ኮከብ በጭቃው ላይ ቀርቷል። ቅርጽ ከባለቤቱ ሄዶ ሌላ እጅ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ የወለቃን ምስል ብቻ አይቶ «እዚህ የሚኖሩት አይሁድ ናቸው» የሚል ሰው በኪልዋ የተሠራውን ስሕተት ይደግማል።

ደም በሕግ ሲለካ

ወደ ሐርላ ጎረቤት ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ከደጋው ሥር ሲደርስ ከተማዋ «አዲስ ሐረር» ተብላ ተመሠረተች። ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጋር ፈረንሳዊው የባቡር ሠራተኛ፣ ግሪኩና አርመኑ ነጋዴ፣ የመናዊውና ሕንዱ ባለሱቅ ኖሩባት። ከዚራ በዛፍ የተከበበ የሐዲድ ሰፈር፣ መጋላ የገበያው ሰፈር ሆኑ፤ የደቻቱ ወንዝ በመካከላቸው ፈሰሰ። ከእነዚህ ቤቶች የወጡ ክልስ ልጆች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ እየተቀያየሩ ማውራት የተለመደባቸው ናቸው። ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱት ወደ አባታቸው አገር ሲሄዱ ደግሞ «ሙወለድ» ተብለው ተለይተዋል።

ክልስነትን በሕግ አንቀጽ የለካው ግን የፋሺስት ኢጣሊያ አገዛዝ ነው። በሚያዝያ 1937 የወጣው ድንጋጌ አንድ ኢጣሊያዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። በግንቦት 1940 የወጣው ሕግ ደግሞ ክልስ ልጅን ሙሉ በሙሉ ወደ «አገሬው» ወገን አዛወረው፤ ኢጣሊያዊ አባት ልጁን ሊቀበለው፣ ስሙን ሊሰጠው፣ ሊያሳድገው አይችልም ተባለ። ቀደም ሲል በ1930 የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደን ኢትዮጵያዊ ብሎ ይጀምራል። የኢጣሊያንና የኢትዮጵያን ሕጎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ክልስነት ተፈጥሮ የሰጠው ችግር ሳይሆን የሰው ብዕር የፈጠረው መሆኑን ያያል። ሐርላ ለዛሬው አርቲስት የምትጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ይህ የደም ሚዛን ሳይፈጠር የኖረች ከተማ ናት።

በውጭ ያሉት ቀራፂዎች ምን አደረጉ?

ከሁለት ወገን ተወልደው በሸክላ ከሚሠሩት መካከል ሁለት አሜሪካውያት ለንጽጽር ይጠቅማሉ። ጄኒፈር ሊንግ ዳቸክ እናቷ ቻይናዊት ናት፤ የአባቷ ወገን ከሩሲያና ከአየርላንድ የመጣ ነው። የምትሠራው በፖርሴሊን፣ ማለትም ቻይና ለዘመናት ለዓለም በላከችው ነጭ ሸክላ ነው፤ አውሮፓም ምስጢሩን እስክታገኝ ስንት ዘመን የደከመችበት ነው። ነጭነትና ንጽሕና የሚወደስበትን ጭቃ ወስዳ ከሰው ፀጉር ጋር ታገናኘዋለች፤ የእናቷ አገር ሸቀጥና የአባቷ አገር የውበት መለኪያ በአንድ ዕቃ ላይ ይጋጫሉ። ሐርላ የደረሰው የቻይና ሳህንም የዚያው ረጅም ንግድ ልጅ ነው።

ሮዝ ሲምፕሰን በኒው ሜክሲኮ የሳንታ ክላራ ፑዌብሎ ልጅ ስትሆን ዘሯ ድብልቅ ነው፤ እናቷም ቀራፂ ናት፤ የሸክላ ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ብዙ ትውልድ አልፎታል። ሲምፕሰን ጭቃውን መሬት ላይ እየጣለች ታሳሳዋለች፤ ከዚያ እየቀደደች ትገጣጥመዋለች። መጋጠሚያውን አታለሰልሰውም፤ የጣቷ አሻራና ስፌቱ እንዲታይ ትተወዋለች። ስለ ድብልቅነት የምትናገረው በፊት ቅርጽ ሳይሆን በመጋጠሚያው ነው። የአሠራር ጥያቄ ስለሆነ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ይገባዋል፤ ሁለት ዓይነት ጭቃ ሲደርቅ እኩል ካልተኮማተረ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። የሚይዘው ሁለቱም ገጽ ተጭሮ፣ በቀጭን ጭቃ ተለስኖ፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ነው። በብዙ አገር ደግሞ የተሰበረ አሮጌ ዕቃ ተፈጭቶ ለአዲሱ ጭቃ ማጠንከሪያ ይሆናል።

በኬንያ የተወለደችው መግደሌን ኦዱንዶ ሦስተኛዋ ናት። ክልስ አይደለችም፤ ሙያዋ ግን የብዙ አገር ነው። በ1970ዎቹ በናይጄሪያ አቡጃ ከላዲ ክዋሊ ዘንድ፣ በኋላም በኒው ሜክሲኮ ከማሪያ ማርቲኔዝ ዘንድ ተምራለች። ዕቃዎቿን በእጅ ሠርታ፣ በድንጋይ አለስልሳ፣ አየር በማያገኝ እሳት ታጠቁራቸዋለች፤ ሸክላን አለስልሶ በጭስ ማጥቆር የአገራችንም ሴቶች የሚያውቁት ነው። የዕቃዎቿ ወገብና አንገት የሰው ገላ ይመስላል፤ የማን ገላ እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም።

ከኢትዮጵያ የወጡ ክልስ አርቲስቶች በብዛት የተሠማሩት በሌላ ዘርፍ ነው። በ1937 አዲስ አበባ የተወለደው እስክንድር ቦጎሲያን አባቱ የአርመን ተወላጅ ነበር። በ1970 በዚያችው ከተማ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ እናቷ አሜሪካዊት ናት። የቪዲዮ አርቲስቱ ቴዎ እሸቱ ደግሞ እናቱ ሆላንዳዊት ናት። የሦስቱም ድብልቅነት በሥራቸው አካሄድ ታየ። እስክንድር የክታብና የጠልሰም ሥዕልን፣ የፓሪስ ሱሪያሊስቶችንና የምዕራብ አፍሪካን ቅርጽ በአንድ ሸራ፣ በኋላም በቆዳና በዛፍ ልጥ ላይ አዋሐደ። አርመናዊነቱን በሥዕሉ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ከብዙ ወገን መማርን የማይፈራ ሰው እጅ ግን በእያንዳንዱ ሥራው ላይ አለ።

ከዳሰሳው የሚወጣው ፍርድ

ከሐርላ እስከ ኒው ሜክሲኮ የታየው አንድ ነገር ነው። ድብልቅነትን በፊት መልክ፣ በግማሽ ነጭ ግማሽ ጥቁር ምስል የሚያሳይ ሥራ የጠያቂውን ጥያቄ ተቀብሎ ይመልሳል፤ በመሥራትና በመገጣጠም የሚያሳየው ግን ጥያቄውን ራሱን ይለውጠዋል። ሐርላም ስትታይ እንዲሁ ነው። የቻይናውን ሳህን ብቻ በመስታወት ሳጥን ያስቀመጠ ሙዚየም የከተማዋን እንግዶች ያሳያል፤ የአገር ቤቱን ድስት ከአጠገቡ ያስቀመጠ ግን ቤተሰቡን ያሳያል። ስለዚህ ለቅርስ ጠባቂው የመጀመሪያው ሥራ ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ፣ በእኩል መብራትና በእኩል ማብራሪያ ማቅረብ ነው።

ለአርቲስቱ ያለው ምክር ከዚህ ይከብዳል። በአገራችን ሸክላ ለማንነት ምሳሌ ብቻ የሚሆን ንጹሕ ጭቃ አይደለም፤ ከወገን የተገለሉ ሴቶች ሙያ ነው። ስለ ወገንነት በሸክላ ልናገር የሚል ክልስ ቀራፂ ከቀጨኔ ወይም ከወለቃ ሴት ጋር አብሮ ከሠራ፣ ስሟን ከስሙ እኩል ከጻፈ፣ ከሽያጩም ድርሻዋን ከሰጠ ስለ ወገንነት የሠራው ሥራ እዚያው ጀምሯል። ጭቃዋን ገዝቶ፣ አሠራሯን ወስዶ፣ በካታሎግ «ባህላዊ ቴክኒክ» ብሎ ካለፋት ግን የቅርጹ ውበት ምንም ቢሆን በደጅ ከመለሷት ሰዎች አይለይም።

ድሬዳዋ ይህን ለመሥራት ከማንኛውም ከተማ ይቀላታል። ከተማዋ በክልስ ልጆች አፍ አራት ቋንቋ ሰምታ ያደገች ናት፤ ቆፋሪዎቹ ያወጡት ገል ደግሞ ከደጇ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ለሐርላ ገበሬዎች ልጆች የሸክላ ሥራ ትምህርት ቢከፈት፣ አስተማሪዎቹ ሸክላ ሠሪ እናቶችና ከሥዕል ትምህርት ቤት የወጡ ቀራፂዎች አብረው ቢሆኑ፣ መማሪያውም የሐርላ የአገር ቤት ገሎች ቢሆኑ፣ ልጆቹ የግዙፋንን ተረት ሳይተዉ ግዙፋኑ ምን ዓይነት ድስት ጥደው እንደበሉ ያውቃሉ። «ሐርላ የማን ናት?» ለሚለው ክርክርም ከንግግር የተሻለ መልስ ይሆናል፤ አሠራሩን ተምሮ የሚቀጥል ሁሉ፣ የየትኛውም አባት ልጅ ይሁን፣ ወራሿ ነው።